ቢጫ ካርድ ዜግነት አይደለም

ጥያቄ፦ ወንድሜ የሚኖረው ሜሪላንድ ነበር። በኮቪድ ጊዜ ለንግድ ድርጅቶች ይሰጥ ከነበረው የመንግሥት ብድር ጋር በተያያዘ አጭበርብረሃል ተብሎ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሷል። አሁን አዲስ አበባ እኛ ጋ ነው። ኢትዮጵያ ዜጋዋን አሳልፋ አትሰጥም ይባላል። እውነት ነው? ጥቂት ዓመት ዝም ብሎ ቢቀመጥስ? በቢጫ ካርዱ የባንክ ሒሳብ ከፍቶ ሥራም ጀምሯል።

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። የሰሙትም ውሸት አይደለም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 21 ኢትዮጵያዊን ለውጭ አገር አሳልፎ መስጠት ይከለክላል። ወዲያው ቀጥሎ ግን እዚሁ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ይዳኛል ይላል። ይህችን ሁለተኛዋን ክፍል ሰው አያወራትም።

ከዚያው ከሜሪላንድ ምሳሌ ልስጥዎ። በ1997 እ.ኤ.አ. በግድያ የተጠረጠረ አንድ ወጣት በአባቱ በኩል የእስራኤል ዜጋ ስለነበር ወደዚያ ሸሸ። የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 ተላልፎ አይሰጥም ብሎ ወሰነ። ወጣቱ ግን እዚያው ተከሶ 24 ዓመት ተፈረደበት። እስራኤልም በዚያው ዓመት ሕጓን ቀየረች።

ወንድምዎ ግን ከለላው የሚመለከተው ሰው መሆኑን ራሱ እጠራጠራለሁ። በየትኛው ፓስፖርት እንደገባ አልነገሩኝም። ቢጫ ካርዱን ግን በመጨረሻው መስመር ላይ እንደ ዋዛ ጠቅሰው አልፈዋል። ዋናው ጉዳይ እሱ ነበር! ቢጫ ካርድ ለትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ የሚሰጥ መታወቂያ ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል። ኢትዮጵያዊ አያደርግም።

የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጥረዋል። «እኔ ተውኩ ብዬ አልፈረምኩም» ማለት አያድንም። ቢሮዬ የሚመጡ ሰዎች አሮጌውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከፌስታል አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡታል። «ይኸው፣ ጊዜው እንኳ አላለፈም» ይሉኛል። ፓስፖርቱ ጊዜው ባያልፍም ዜግነቱ የለም። ወንድምዎ እንዲህ ያለ ፓስፖርት ካለው አደራ፣ እንዳይጠቀምበት። ሌላ ክስ ይጎትትበታል።

አንድ ቀዳዳ ግን አለ። አንቀጽ 21 ጥያቄው ሲቀርብ ኢትዮጵያዊ የሆነውን ብቻ ሳይሆን ወንጀሉ ሲፈጸም ኢትዮጵያዊ የነበረውንም ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለት ቀኖች እፈልጋለሁ፤ ብድሩን የጠየቀበትንና ለአሜሪካ ዜግነት ቃለ መሐላ የፈጸመበትን። ብድሩን ሲጠይቅ ገና ግሪን ካርድ ላይ ከነበረ የሚከራከርበት ነገር አለው። ቀድሞ ዜጋ ሆኖ ከነበረ ግን በዚህ በኩል የሚይዘው ነገር የለም። «ይመስለኛል» አይበሉኝ። የዜግነት ምስክር ወረቀቱን ልየው።

ከአሜሪካ ጋር አሳልፎ የመስጠት ስምምነት የለንም ብሎ የሚያጽናናዎት ሰው አይጠፋም። ስምምነት አለመኖሩ እውነት ነው፤ ግን አያዘናጋዎት። ሕጋችን የውጭ ዜጋን በዓለም አቀፍ ልማድም አሳልፎ ለመስጠት በር ይከፍታል። በ2022 እ.ኤ.አ. በሰው ማዘዋወር የተጠረጠረ ኤርትራዊ ከኢትዮጵያ ለኔዘርላንድ ተሰጥቷል። አሜሪካ ደግሞ በከባድ ወንጀል የእስር ማዘዣ የወጣበትን ዜጋዋን ፓስፖርት መሰረዝ ትችላለች። ፓስፖርቱ የተሰረዘበት የውጭ ዜጋ እዚህ መኖሩም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ለሥራ ዱባይ ወይም ናይሮቢ ደርሼ ልምጣ ካለም፣ አንቀጽ 21 እዚያ አይከተለውም።

ዝም ብሎ መቀመጡም መፍትሔ አይሆንም። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከፍትሕ ለሸሸ ሰው ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ አይቆጠርም።

ሌላም የዘለሉት ነገር አለ። የተከሰሰው ከመምጣቱ በፊት ነው ወይስ ከመጣ በኋላ? በዋስ ተለቆ ሳለ ወጥቶ በቀጠሮው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ከቀረ ያ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ጠበቃው ይህን ሳያውቅ ምንም ሊመክረው አይችልም።

የክሱን ወረቀት፣ የዜግነት ምስክር ወረቀቱንና ያሉትን ፓስፖርቶች በሙሉ ይዞ እዚህ ያለ ጠበቃ ያነጋግር። ሜሪላንድም የፌዴራል ወንጀል ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ያስፈልገዋል፤ በራሱ ፈቃድ ስለመመለስ ከዐቃቤ ሕግ ጋር መነጋገር የሚችለው እሱ ነው። ሁለቱን ሳያማክር ትኬት አይቁረጥ፣ ኤምባሲም አይደውል። ስለ ብድሩም ከቀድሞ ሸሪኮቹ ጋር በዋትስአፕ አይጻጻፍ።