የወገብ ሕመም ይዞ ነርስነት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እዚሁ ሀዋሳ የ3ኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ከዓመት በፊት ወገቤን አሞኝ በኤም አር አይ ስታይ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ነክቷል ተባልኩ። ሲብስብኝ ወደ ግራ እግሬ ይወርዳል። አሁን የዋርድ አታችመንት (በሆስፒታል ክፍሎች የሚሰጥ የተግባር ልምምድ) ልንጀምር ነው። ቤተሰቦቼ «ሌላ ትምህርት ቀይሪ» ይሉኛል። ልተወው ወይስ ደብቄ ልግባ? (ሀ. ነኝ)

መልስ፦ እህታችን፣ በኤም አር አይ ወረቀት ብቻ ሙያ አይተውም። ምንም ሳያማቸው ኤም አር አይ ቢነሱ ዲስካቸው ወጣ ብሎ የሚታይ ሰዎች ሞልተዋል። ወደ እግር የሚወርደው ሕመምም በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይረግባል። ይልቅ «ወገቤ ዛሬ ምን ይችላል?» ብለሽ ጠይቂ። ስንት ሰዓት ቆመሽ መዋል ትችያለሽ? 10 ደቂቃ አጎንብሰሽ ብትቆዪ በማግስቱ እንዴት ትነሻለሽ? ከወለል ስንት ኪሎ ታነሻለሽ? አታችመንቱ ሳይጀመር ይህንን ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ፈትሺው።

መደበቁ ግን አይሆንም። ታካሚ በአንሶላ ስታዘዋውሩ በዚያኛው በኩል የያዘችው ጓደኛሽ አንቺን ተማምና ነው የምትስበው፤ መሃል ላይ ቢይዝሽ እሷም ታካሚውም ይጎዳሉ። ለአስተባባሪሽ የሐኪም ወረቀት ስጪ፤ «ቀላል ሥራ ይሰጣት» የሚል ብቻ ከሆነ ግን ተመልሰሽ አስተካክይው። ዋርድ ውስጥ ይህ አባባል «መሥራት አልፈለገችም» ተብሎ ይተረጎማል። ወረቀቱ ቁርጥ ያለ ይሁን፤ ለምሳሌ ብቻዋን ከ10 ኪሎ በላይ አታንሳ፣ ታካሚ ስታዘዋውር ሁለተኛ ሰው ይኑር፣ ከ2 ሰዓት በላይ በተከታታይ አትቁም፣ ከ6 ሳምንት በኋላ እንደገና ትታይ። ልኩን የሚወስነው ሐኪምሽ ነው። የአጥንት፣ የቀዶ ሕክምናና የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ይከብዳሉ፤ መቅረት ስለማይቻል ተከታትለው እንዳይመጡብሽ ጠይቂ። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ቀላል ይመስላል፤ ሕፃኑ 3 ኪሎ ቢሆንም ማሞቂያው ላይ አጎንብሶ መዋል ወገብ ይፈጃል።

ስለ ክብደት ካነሳን፣ የአሜሪካው የሥራ ጤና ምርምር ተቋም የናዮሽ ተመራማሪ በ2007 እ.ኤ.አ. ለታካሚ ማንሳት ያስቀመጡት ጣሪያ 16 ኪሎ ገደማ ነው፤ እሱም ሁኔታው ምቹ ከሆነ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ እግሩ ብቻ 10 ኪሎ ያህላል፤ ጀሶ ሲጨመርበት ደግሞ አስቢው። «ጎበዝ ነርስ ብቻዋን ታነሳለች» የሚባለው ነገር ስንቱን ወገብ እንደጨረሰ ቤቱ ይቁጠረው።

ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ወደ እግርጌ የተንሸራተተን ታካሚ ወደ ራስጌ መሳብ ነው። መጀመሪያ የአልጋውን ጎማ ቆልፊ፤ ካልተቆለፈ አልጋው ይከተልሽና ወገብሽ ይጠመዘዛል። መዘውሩ የሚሠራ ከሆነ አልጋውን እስከ ዳሌሽ ከፍ አድርጊ። ራስጌውን ሙሉ በሙሉ ዝቅ አድርጊ፤ ይህ ከተረሳ ሰውየውን ዳገት ላይ እንደመጎተት ነው። ትራሱን አውጥተሽ ጭንቅላቱ እንዳይመታ ራስጌው ብረት ላይ አቁሚው። አንሶላ አጥፈሽ ከትከሻው እስከ ጭኑ ሥሩ አንጥፊ። ሁለት ሆናችሁ ጫፉን ጠቅልላችሁ ሰውነቱ ሥር ድረስ ያዙ። ራቅ አድርጎ መያዝ ክንድን ይዘረጋል፣ ሸክሙም ወገብ ላይ ይበዛል። ታካሚው ከቻለ ጉልበቱን አጥፎ በእግሩ ይግፋ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲባል አታንሱት፤ ክብደታችሁን ከኋላ እግር ወደ ፊት እግር እያዛወራችሁ አንሸራትቱት። በብብት ማንጠልጠል የእሱን ትከሻ፣ የአንቺን ወገብ ነው የሚጎዳው።

ሁለተኛ ነርስ ከጠፋ አስታማሚ አለ። አስታማሚ ግን ሳይነገረው ቀድሞ ይስባል፤ የት እንደሚይዝና ማን እንደሚቆጥር አስቀድመሽ ንገሪው። የሚወድቅ ታካሚን ቀጥ አድርገሽ ለማቆም አትታገይ፤ ወደ ራስሽ አስጠግተሽ በእግርሽ ላይ እያንሸራተትሽ ወለል ላይ አስቀምጪው። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ስታስገቢ በርጩማ ስበሽ ተቀመጪ። ደጋግሞ ማጎንበስም እንደ ከባድ ማንሳት ወገብ ይጎዳል።

ስትመረቂ ደግሞ ትሪያጅ (ታካሚዎችን እንደ ሕመማቸው አስቸኳይነት መለየት)፣ ክትባት፣ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል፣ የቲቢ ክሊኒክ አሉ፤ እነዚህም ሙሉ ነርስነት ናቸው። ጉዳቱ ዘላቂ ሆኖ የሥራ ዕድልሽን የሚያጠብ ከሆነ፣ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል።

ሽንት አልወጣ ካለሽ ወይም ካመለጠሽ፣ በመቀመጫሽና በጭኖችሽ መካከል ከደነዘዘሽ፣ እግርሽ ከሰነፈ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ግቢ፤ ለነገ አይባልም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ አብረው ከመጡ የአከርካሪ ቲቢ መመርመር አለበት።

ጥያቄ፦ በግል ሆስፒታል 12 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። የወገብ ቀበቶ አስሬ፣ ዲክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ተወግቼ የሌሊት ተረኛ እገባለሁ። ጉዳት አለው? የሕመም ፈቃድ ብወስድስ ደመወዜ ይቆረጣል? (ወ. ከሀዋሳ)

መልስ፦ ቀበቶው ከጉዳት ይከላከላል የሚል አስተማማኝ ማስረጃ የለም። አንዳንዱን ሰው እንዲያውም «አሁን እችላለሁ» አሰኝቶ ከአቅም በላይ ያስነሳዋል። የሚያስጨንቀን መርፌው ነው። የዲክሎፌናክ መርፌ ከ2 ቀን በላይ አይቀጠልም፤ የቀን ጣሪያው በክኒንም በመርፌም ተደምሮ 150 ሚሊግራም ነው፤ ከአይቡፕሮፌን ጋርም አይደረብም። ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ዋርድ ውስጥ እርስ በርስ መወጋጋቱ የተለመደ መሆኑ ጉዳቱን አይቀንሰውም። ትራማዶል የተባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ውጠው ደግሞ ተረኛ አይግቡ፤ እንቅልፍ እየጎተተዎት የመድኃኒት መጠን ማስላት አደገኛ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ። ሕመሙ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት የመጣ ከሆነ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ስለዚህ ታካሚ ሲያነሱ ወገብዎ «ቋ» ካለ፣ ሰዓቱን፣ የአልጋውን ቁጥርና አብሮዎት የነበረውን ሰው ስም ጽፈው ከተረኝነት ሳይወጡ ለክፍሉ ኃላፊ ያስረክቡ፤ ቅጂውን ለራስዎ ያስቀሩ።