የገና ጌሾ መቼ ይዘፍዘፍ? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግኩት ወልቂጤ ነው። ባለቤቴ የቡሬ ልጅ ሲሆን ከተጋባን ዓመት አልሞላንም፤ የምንኖረውም ባሕር ዳር ነው። ለመጪው ገና አማቴ እኛ ዘንድ መጥተው እንዲውሉ ጋብዘናቸዋል። በስልክ ስናወራ «ለመሆኑ ጌሾሽን መቼ ልትዘፈዝፊ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ግን በእናቴ ቤት ትልቁ ድግስ የመስቀል ስለነበር ለገና ጠላ ጠምቄ አላውቅም። ከመቼ ጀምሬ ምን ላዘጋጅ? በበዓሉ ማዕድ ላይ ክትፎ ባቀርብስ ያስነቅፈኛል? (ስሜ ይቆይልኝ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የአማትዎ ጥያቄ ፈተና መስሎ ታይቶዎት ይሆናል፤ እንደ እኔ ግን እርሳቸው የጠየቁት የጎጃም ሴት ሁሉ በታኅሣሥ የምትጠይቀውን ነው። ዶሮው በዋዜማው ይታረዳል፣ ዳቦውም በዋዜማው ይደፋል፤ ጠላ ግን በዋዜማ ተጀምሮ የሚደርስ ነገር ስላልሆነ የበዓሉ ዝግጅት በሙሉ ከእርሱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይቆጠራል።

በመጀመሪያ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል በውኃ ተዘፍዝፎ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይና ብቅሉና የተቆራረሰው ቂጣ ይገባበታል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። ቀጥሎ እንኩሮው ከጌሾው እንጨት ጋር ይጨመርና ድፍድፉ ተከድኖ ለቀናት ይቀመጣል፤ በመጨረሻም በውኃ ቀጥኖ አፉ ይታፈናል። የባሕር ዳር አየር ሞቅ ስለሚል ታኅሣሥ 17 ወይም 18 ቀን ቢጀምሩ ይደርስልዎታል፤ ቤትዎ በጮቄ ተራራ ግርጌ ቢሆን ኖሮ ግን ሁለት ሳምንት ይቀድሙ ዘንድ እመክርዎት ነበር። በምን እህል እንደሚጠምቁ ግን እኔ ከምወስንልዎት አማትዎን ይጠይቋቸው። በደጋው የገብስ፣ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ደግሞ የዳጉሳ ጠላ የለመደ ሰው ብዙ ነው፤ መጠየቅዎ ራሱም ደስ ያሰኛቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ጾመ ነቢያት ቢሆንም ጠላው ደረሰ አልደረሰ ብለው መቅመስ ይችላሉ፤ ዶሮ ወጡን ግን ቅዳሴ ሳይወጣ ማንም አይቀምሰውም። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በራሱ ውኃ ቀስ እያለ ሲቁላላ፣ በርበሬው ገብቶ ቅቤው ሲጨመር፣ ባለሙያዋ ጨውን የምትለካው በእጇና በሽታው ብቻ ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት አንድ ገና ላይ እናቴም አክስቴም ሌላዋ አልጨመረችም ብለው እየተፈራረቁ ጨው ጨምረው ነበርና ያን ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን የበላነው ዳቦና እንቁላል ነው። ስለዚህ ጨው የሚጨምረው ሰው አንድ ብቻ ይሁን፤ ያም ሰው እርስዎ ይሁኑ።

ክትፎውን በተመለከተ ምንም የሚያስነቅፍ ነገር አይታየኝም፤ ጥሬ ሥጋ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ከሰፈሩ ቅርጫ በሚደርስዎት መደብ አይተማመኑ። በቅርጫ በሬው ሲከፋፈል እያንዳንዱ መደብ ከአጥንቱም ከጮማውም ከሆድ ዕቃውም እንዲደርሰው ተደርጎ ስለሚመደብ ለክትፎ የሚሆነው ቀይ ሥጋ ጥቂት ነው፤ እርሱን ለብቻው ከሥጋ ቤት ይግዙ። ቅደም ተከተሉንም ይጠብቁ፦ መጀመሪያ ዳቦው ይቆረስ፣ ዶሮው ይቅረብ፣ ክትፎው ከዚያ በኋላ ከቆጮው ጋር ይምጣ። ፈረሰኛው ለአባወራው መቅረቡ ልማድ ነው፤ እናታቸው በተቀመጡበት ማዕድ ግን ባለቤትዎ ከፈረሰኛው ቆርሰው አስቀድመው እናታቸውን ቢያጎርሱ ያምርባቸዋል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ልጆቹ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ገና ብለው ስጦታ ተቀብለው፣ በ29 ደግሞ እንደገና ዶሮ እየበሉ «ትክክለኛው የትኛው ነው?» እያሉ እንዳስቸገሩት ነገረኝ። እኔም ራሴ በ2016 ዓ.ም. ልደትን በ28 ያከበርንበት ምክንያት አልገባኝም። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የሁለተኛውን ላስቀድም። ቤተ ክርስቲያን ከብሥራቱ ቀን ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ትቆጥራለች። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነች ጊዜ አንድ ቀን ስለሚተርፍ፣ ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ልደት በ28 ይከበራል፤ 2012ም 2016ም እንዲሁ ነበሩ፣ 2020ም እንዲሁ ይሆናል። የወንድምዎ ልጆች ጥያቄ ደግሞ ስለ ቀመር እንጂ ስለ እምነት አይደለም። የሮም ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 እ.ኤ.አ. የዘመን አቆጣጠሩን ሲያሻሽሉ አሮጌውን የያዙት ወደ ኋላ ቀሩ፤ ልዩነቱም ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። ሩሲያውያን፣ ሰርቦችና ግብፃውያን ኦርቶዶክሶች ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ሲያከብሩ፣ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ከምዕራባውያኑ ጋር ታከብራለች፤ አርመኖች ደግሞ ልደትንና ጥምቀትን በአንድ ቀን ያደርጋሉ።

ልጆቹን የሚያስደስታቸው ግን ይህ ቁጥር ሳይሆን የየአገሩ ቤት ውስጥ የሚደረገው ይመስለኛል። እኛ ለበዓል ቄጠማ እንደምንጎዘጉዝ ሁሉ ሰርቦች በገና ዋዜማ ግርግሙን እያሰቡ በቤታቸው ወለል ላይ ጭድ ይጎዘጉዛሉ፤ ሩሲያውያን ደግሞ የመጀመሪያዋ ኮከብ እስክትታይ ጾመው ከዋሉ በኋላ የተቀቀለ ስንዴ በማር ይቀምሳሉ። የጎጃም እናት ብታየው ንፍሮ ነው ብላ ማሩ ግን ለምን ገባ ትል ነበር።

ጥያቄ፦ በ2018 ዓ.ም. ገና ረቡዕ ሲውል ጎረቤቴ «ረቡዕ ጾም ነው» ብለው ማዕዴን ሳይቀምሱ ሄዱ። ተሳስቼ ነበርን? (ከዳንግላ)

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ፍትሐ ነገሥት ልደትና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ አይጾምባቸውም ይላል። ይህ ፈቃድ ግን ለዕለቱ ብቻ ነው፤ ጥር 1 ዓርብ ስለነበረ እንደ ወትሮው የሚጾም ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት ሐሙስ ማታ ድስቱን ገልጦ ማየት ደግ ነው፤ በዚያች ማታ ያላለቀ ዶሮ ወጥ እስከ ቅዳሜ መጠበቁ ነውና።