ጎብኚ ይዞ ወንዝ ከመግባት በፊት

ውድ እኅቴ፣

የሃይድሮሎጂ (የውኃ ሳይንስ) ትምህርትሽን ለመጨረስ አንድ ዓመት ሲቀርሽ፣ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጎብኚዎችን በካያክ (ጠባብና ቀላል የመቅዘፊያ ጀልባ) እና በታንኳ ይዞ የሚወርድ ድርጅት በቀጣዩ ወቅት በአስጎብኚነት ሊቀጥርሽ እንደሚፈልግ፣ አባትሽ ግን «ጀልባ መቅዘፍ የተማረ ሰው ሥራ አይደለም፤ ጎረቤትስ ምን ይላል? ገቢውም አያስተማምንም» ብለው እንደ ተቆጡ ጽፈሽ ምክር ጠይቀሽኛል። ድርጅቱ የነፍስ አድን ሥልጠናውን «በሥራ ላይ ትለምጂዋለሽ» ማለቱን በአንዲት መስመር ብቻ አልፈሻታል። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበችኝ ይህች መስመር ናት።

ለራስ መቅዘፍና ሌላ ሰው ይዞ መውረድ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ካያክሽ ቢገለበጥ አንቺ በመቅዘፊያሽ ተመልሰሽ ትነሻለሽ፤ ከኋላሽ የሚከተሉት ጎብኚዎች ግን ይህን አያውቁም። ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው መቆም ነው፤ ጉልበት በሚደርስ ፈጣን ውኃ ውስጥ እንኳ እግሩ በድንጋዮች መካከል ከተቀረቀረ ፍሰቱ ገፍቶ ይደፋዋል፣ ቀና ሊልም አይችልም። ስለዚህ በጀርባው ተንጋልሎ፣ እግሩን ወደ ወንዙ መውረጃ ዘርግቶ እንዲንሳፈፍ ገና ከመነሻው ልታስተምሪው ይገባል። ወንዝ ውስጥ የወደቀ ዛፍም ውኃውን በቅርንጫፎቹ መካከል እያሳለፈ ሰውን ይዞ ያስቀራል። የፍሰቱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ እንደሚሆን በክፍል ተምረሻል፤ በዚህ ኃይል ፊት ገመድ አወራወርን፣ የተያዘ ጀልባ ማላቀቅንና የራስን ደኅንነት መጠበቅን በእውነተኛ አደጋ ላይ መለማመድ ማለት በጎብኚው ሕይወት መለማመድ ማለት ነው።

ስፍራው ብሔራዊ ፓርክ መሆኑ ኃላፊነቱን ያከብደዋል፤ ወንዙን ውብ ያደረገው የመንገድና የሕንፃ አለመኖር እርዳታንም ያርቃልና። በአሜሪካው ግራንድ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ ከሊስ ፌሪ እስከ ዳይመንድ ክሪክ ባለው 360 ኪሎ ሜትር ያህል የኮሎራዶ ወንዝ ጉዞ፣ መሀል ላይ ወንዙ ድረስ የሚወርድ የመኪና መንገድ የለም። እንዲህ ባለ ቦታ የመጀመሪያዋ ሕክምና ሰጪ አንቺ ነሽ። ስለዚህ በፈጣን ውኃ ነፍስ ማዳንንና ከሕክምና ተቋም ርቆ የሚሰጥ የመጀመሪያ እርዳታን ሠልጥነሽ የምስክር ወረቀት ሳትይዢ አንድም ጎብኚ አትቀበዪ።

አባትሽን በተመለከተ፣ ከአክብሮት ጋር፣ ተሳስተዋል። የሰው ሕይወት በእጁ የሚያርፍ ሰው መማር አለበት፤ የጎረቤት አስተያየት የሚያስከትለው ኀፍረትም የሙያ ምርጫሽ መለኪያ ሊሆን አይገባም። ስለ ገቢው ያነሡት ስጋት ግን እውነት ነው፤ ወንዙ ሲጎድል ወይም ከልክ በላይ ሲሞላ ሥራው ይቆማል፣ ደመወዙም አብሮ።

ትምህርትሽን ጨርሺ የምለውም ለዚህ ነው። ወደ ማማከር ሥራ ከመምጣቴ በፊት የወንዞችን ከፍታና ፍሰት እለካ ስለ ነበር፣ የመለኪያን ንባብ የሚረዳ አስጎብኚ ያለውን ጥቅም አውቃለሁ። ከ1 (ከሁሉ ቀላሉ) እስከ 6 (ከሁሉ አስቸጋሪው) በሚደርሰው ዓለም አቀፍ የወንዝ አስቸጋሪነት ደረጃ፣ በዝቅተኛ ውኃ 2 የነበረ ስፍራ ከዝናብ በኋላ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ያንን ከጀልባው በፊት በቁጥሩ ላይ የምታይ ሴት ለፓርኩም ለድርጅቱም ታስፈልጋለች፣ ቀዘፋው በሚቆምባቸው ወራትም በልኬት ሥራ ልትቀጠር ትችላለች። እስከዚያው በዕረፍት ጊዜሽ በረዳትነት ሥሪ። ካያክ ወይስ ታንኳ ላልሽው፣ ሁለቱንም ልመጂ፤ ጎብኚዎች ሁለቱንም ይጠይቃሉ።

አሁን ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፊ። ጉዞ የሚሰረዘው በስንት ሜትር የውኃ ከፍታ እንደ ሆነ፣ የመሰረዝ ሥልጣን የማን እንደ ሆነ፣ ለአንድ አስጎብኚ ስንት ጎብኚ እንደሚመደብና የሥልጠናሽን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ጠይቂ። የከፍታውን ወሰን በጽሑፍ ካላሳዩሽ ቅጥሩን አትቀበዪ።