ያለ ወረቀት የሚሰጥና የማይሰጥ መድኃኒት

ጥያቄ፦ ኦሪገን የምትኖረው እህቴ የወሊድ መከላከያ እንክብል ሐኪም ሳታይ ከፋርማሲ ወሰድኩ አለችኝ። እኔ ጉሮሮዬን አሞኝ ስታዲየም አካባቢ አሞክሳሲሊን ብጠይቅ «ያለ ወረቀት አንሰጥም» ተባልኩ። እዚያ የተፈቀደው እዚህ ለምን ይከለከላል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ሁለቱ መድኃኒቶች አይገናኙም። በኦሪገን ግዛት ሕግ መሠረት፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ የሠለጠነ ፋርማሲስት የወሊድ መከላከያ ራሱ ማዘዝ ይችላል። ግን በመጀመሪያ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ማይግሬንና ስለ ደም መርጋት የሚጠይቅ ቅጽ ያስሞላል፤ የደም ግፊትም ይለካል። ግፊቱ 140/90 ከደረሰ ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ያለበትን እንክብል አይሰጥም፤ ለስትሮክ ያጋልጣልና። ምርመራው ፋርማሲው ውስጥ ተደረገ እንጂ አልቀረም።

አሞክሳሲሊን ግን አሜሪካም ያለ ማዘዣ አይሸጥም። የጉሮሮ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከቫይረስ የሚመጣ ነው፤ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርግለትም። ሳልና ንፍጥ አብሮ ካለ ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም። ሳል ሳይኖር ትኩሳት፣ የአንገት ዕጢ ማበጥና ቶንሲል ላይ ነጭ ነገር ከታየ ግን ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ባክቴሪያው በደንብ ካልታከመ፣ በተለይ በልጆች ላይ፣ የልብ ቫልቭ እስከመጉዳት ይደርሳል። ለዚህ ሕመም አሞክሳሲሊን የሚታዘዘው ለ10 ቀን ነው፤ አንድ ስትሪፕ ገዝቶ ሻል ሲል ማቆም አደጋ አለው።

ለሕመሙ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ያለ ወረቀት ያገኛሉ፦ ለአዋቂ 1 ወይም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። ብዙዎቹ የጉንፋን እንክብሎች ውስጥም ፓራሲታሞል አለ። ሳያውቁ ሁለቱን ደርበው ጉበታቸውን የሚጎዱ አሉ፤ ማሸጊያውን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ፖስትፒል (ድንገተኛ የወሊድ መከላከያ) ከዋጥኩ በኋላ አስመለሰኝ። ይሠራል? (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰዎ ሙሉውን መጠን ይድገሙ። መድኃኒቱ ከግንኙነት በኋላ እስከ 72 ሰዓት ይወሰዳል፤ በቶሎ በተወሰደ መጠን ይበልጥ ይሠራል። ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ኃይሉን ያዳክመዋል። በመስኮቱ ወረፋ ቢኖር እንኳ ይህን ለፋርማሲስቱ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይንገሩት። እንዲህ ላለው ሰው በ5 ቀን ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የመዳብ ሉፕ ማስገባት ይሻላል። የወር አበባ ከሚጠበቅበት ቀን ከ1 ሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ።