በበጎ አድራጎት ጨረታ ላይ የተራራ ሥዕል ለምትገዙ

ኮሎራዶ፣ ዩታ ወይም ሞንታና የምትኖሩ ወገኖቼ፣ የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ወይም የአካባቢያችሁ ሆስፒታል የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ላይ ብትጋበዙ፣ የሮኪ ተራሮች ሥዕል ለጨረታ ቀርቦ ልታገኙ ትችላላችሁ። ወደዳችሁት? ተጫረቱ። ግን እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት የምትለግሱትንና የምትገዙትን ለዩ።

እኛ የቤተ ክርስቲያን ጨረታ እያየን ያደግን ነን። ጃንጥላ ሲጫረት የገበያ ዋጋውን የሚጠይቅ የለም፤ የሚጨመረው ለበረከት ነው። ደግ ልማድ ነው፣ አይጥፋብን። የአሜሪካ የታክስ ሕግ ግን የዕቃውን ዋጋ ያያል። 400 ዶላር የሚያወጣ ሥዕል በ1,000 ብታሸንፉ፣ በልገሳነት ሊያዝላችሁ የሚችለው 600ው ብቻ ነው። ክፍያው ከ75 ዶላር በላይ ከሆነ ድርጅቱ የዕቃውን ግምት በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። ግምቱ በጨረታው ዝርዝር ላይ ከሌለ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ሥዕሉንም ቀረብ ብላችሁ እዩት። በሸራ ላይ የታተመ ቅጂ ከሩቅ ሲያዩት የዘይት ቀለም ይመስላል። ጎን ቆማችሁ ብርሃኑ ሲያርፍበት የብሩሹን ፈለግ ፈልጉ። አንዳንዱን ቅጂ ብሩሽ የነካው እንዲመስል ከላይ ግልጽ ቀለም ይቀቡታል፤ ስለዚህ በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ በረዶውንና ሰማዩን ተመልከቱ። ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች በእኩል ተሰድረው ካያችሁ ህትመት ነው። ከታች በእርሳስ 45/250 ተብሎ ከተጻፈ፣ ከ250 ቅጂዎች 45ኛው ማለት ነው። ህትመት መግዛት ምንም ነውር የለበትም፤ በኦሪጅናል ዋጋ እንዳትገዙት ነው የምለው። ዴንቨር አካባቢ ያላችሁ አርት ሙዚየሙ ውስጥ የምዕራብ አሜሪካ ሥነ ጥበብ ክፍል አለላችሁ፤ እዚያ መመላለስ ዓይን ያሠለጥናል።

የተራራ ሥዕልና እርዳታ እዚህ አገር የቆየ ዝምድና አላቸው። ሠዓሊው አልበርት ቢርስታት እ.ኤ.አ. በ1863 የጨረሰው ግዙፉ የሮኪ ተራሮች ሥዕል፣ በማግሥቱ ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለቆሰሉ የሰሜኑ ጦር ወታደሮች እርዳታ በተዘጋጀ ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታይቷል። ዛሬ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የገንዘቡ መንገድ ነው። ሥዕሉ በስጦታ የመጣ ነው ወይስ ነጋዴ ለሽያጭ ያስቀመጠው? ነጋዴ ካቀረበው የራሱን ዋጋ አስቀድሞ ያነሳል፣ ለሕሙማኑ የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ይህን አዘጋጆቹን ጠይቁ፤ መልስ የማይሰጥ ካለ ሥዕሉን ትታችሁ ገንዘባችሁን በቀጥታ ለግሱ።

ሠዓሊ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የራሳችሁን ሥራ ብትለግሱ ከታክስ የሚቀነስላችሁ የሸራውና የቀለሙ ወጪ እንጂ የሥዕሉ ዋጋ አይደለም። ስለዚህ ከሽያጩ የተወሰነ ድርሻ እንዲሰጣችሁ ብትጠይቁ መብታችሁ ነው። ብቻ ድርሻችሁ ለተጫራቹ በግልጽ ይጻፍ።