ስለ ጾም ምግብ ጠይቁኝ፣ ከጾም ውጪም ለምትበሉት

እሺ ቤተሰብ፣ ስነ ምግብ ነው የተማርኩት፣ ቤቴ አራት ኪሎ ነው፣ እኛ ቤት ፍስክም ሆነ ጾም የሚበዛው የጾም ወጥ ነው። የላካችሁትን ተራ በተራ ልመልስ፣ የዘለልኩት ካለ ድገሙልኝ።

ጥ፦ እህቴ ልጆቼ ሽሮ ሰለቸን ብለው አስቸገሩኝ፣ አብይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው፣ ምን ላብላቸው?

መ፦ የኔ እናት 55 ቀን ሽሮማ እኔንም ይሰለቸኛል። ዱባ ወጥ አለ፣ ድፍን ምስር፣ አዚፋ፣ ፎሶሊያ በካሮት፣ ቦሎቄ። ለልጆች ግን ሱፍ ፍትፍትን የሚያህል የለም፣ አሁን አሁን የሚሰራው ሰው ስላነሰ ልንገርሽ፣ ሱፉን አጥበሽ ትንሽ ትቀቅዪዋለሽ፣ ውሃውን ደፍተሽ በብሌንደር ትፈጪዋለሽ፣ ከዛ ቀዝቃዛ ውሃ እየጨመርሽ በወንፊት ስታጠዪው ወተት የመሰለ ይወጣል፣ ጨው፣ ደቀቅ ያለ ሽንኩርትና ቃሪያ ጣል አርገሽ እንጀራውን መፈትፈት ነው። ለትንንሾቹ ቃሪያውን ተዪው።

ጥ፦ ባሌ ስጋ ከሌለው አልበላሁም ነው የሚለው፣ ፕሮቲኑስ ከየት ይመጣል?

መ፦ 100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለ፣ ሲበስል ውሃ ስለሚጠጣ በ100 ግራም ወደ 9 ይወርዳል፣ ያም ቢሆን ቀላል አይደለም። ደሞ ምስሩ የጎደለውን አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሰራበትን) ጤፉ ይሞላዋል፣ እናቶቻችን ሳይማሩ ነው ያገናኟቸው። ለባልሽ አትንገሪው፣ ዝም ብለሽ ጥሩ ቁሌት አቁላዪና አቅርቢለት።

ጥ፦ እኔ ከጾም ውጪም ስጋ ወተት እንቁላል ሙሉ ለሙሉ ከተውኩ ቆየሁ፣ የሚጎድለኝ ነገር አለ?

መ፦ አዎ ወንድሜ፣ ቫይታሚን ቢ12። እጽዋት ላይ አታገኘውም፣ እንጀራው ስለቦካ አለበት የሚሉህንም አትስማ። ጉበት ለዓመታት ስለሚያስቀምጠው ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም፣ በኋላ ግን ደም ማነስና እጅ እግር መደንዘዝ ያመጣል። ኪኒኑ ፋርማሲ አለ፣ ውሰድ፣ በዚህ አልደራደርም።

ጥ፦ ያንድ ዓመት ልጄንስ የጾም ብቻ ባበላው?

መ፦ ሐኪም ሳታማክሪ እንዳታደርጊው። ህጻን ጾም የለበትም፣ ጡቱንም እስከ 2 ዓመት ይጥባ።

ጥ፦ ሽምብራና ባቄላ ሆዴን ይነፋኛል

መ፦ ማታ ዘፍዝፈው፣ ጠዋት ውሃውን ድፋ፣ በአዲስ ውሃ ቀቅል። በአንዴ አታብዛ።

ጥ፦ ደም ማነስ አለብሽ ተባልኩ፣ ጤፍ ብረት አለው አይደል እንዴ?

መ፦ አለው፣ ችግሩ እሱን ይዞ የሚያስቀረው ፋይቴት የሚባል ነገርም አለው። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ አፍለኛ እንጀራ ላይ አትጣደፊ። ጎመኑና ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምቂ፣ ወይ ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ከጎን አድርጊ፣ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አይሁን፣ አንድ ሰዓት ይቆይ (አውቃለሁ፣ ምሳ በልቶ ወዲያው ቡና አለመጠጣት ለአዲስ አበባ ሰው ከጾሙ ይከብዳል)። ሐኪም ያዘዘልሽን መድኃኒት ግን በዚህ አትተኪው።

ጥ፦ ርካሽ ሽሮ አግኝቼ ብዙ ኪሎ ልገዛ ነበር

መ፦ በጣም ሲረክስ ጓያ ይኖርበት ይሆን ብለሽ ጠርጥሪ። ጓያ አልፎ አልፎ ሳይሆን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ሽባ እስከማድረግ ይደርሳል። ከቻልሽ መርካቶ እህል በረንዳ ወርደሽ ሽምብራና አተሩን ራስሽ ግዢ፣ ለቅመሽ ቆልተሽ ከነቅመሙ አስፈጪው፣ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ብትገዙ ደሞ ይቀላል።

ጥ፦ ፒያሳ ነው የምሰራው፣ በጾም ምሳዬ ሳምቡሳ፣ ችብስ፣ ፓስታ ሆኗል፣ ጭራሽ ወፈርኩ

መ፦ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ ወንድሜ፣ ጾም ነው ተብሎ ዘይት ውስጥ እየዋኘ። ማታ የተሰራውን ምስር ወይ አትክልት ጠዋት በምሳ ዕቃ ቋጥር። ቤትም ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ አቁላላው፣ ቡናማ ሲል ነው ዘይት የሚገባው፣ ለ4 ሰው ወጥ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ስለሆነ የኑግ ወይ የሱፍ ካገኘህ እሱን ያዝ፣ ውድ ነው ካልክ ደግሞ መጠኑን ቀንስ።