መልስ፦ የዱርካይምና የሜርተን አኖሚ

አኖሚ ማለት በግርድፉ የማኅበረሰብ ደንብ ኃይሉን ሲያጣ ነው፤ ሶሺዮሎጂስቶቹ ዱርካይምና ሜርተን የሚሉት ግን አንድ አይደለም። «ሁለቱም አኖሚ ይላሉ፤ ፈተና ላይ እንዴት ልለያቸው?» ላልከው፣ ችግሩን ከየት ነው የሚያመጡት ብለህ እይ።

ለዱርካይም ችግሩ የልጓም መላላት ነው። ማኅበረሰብ በፍጥነት ሲለወጥ የሰውን ፍላጎት የሚገታው ደንብ ይላላል። ለዚህ ነው ኪሳራ ብቻ ሳይሆን ድንገተኛ ብልጽግናም ሰውን ያናጋል የሚለው።

ሜርተን በ1938 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ አሜሪካን እያየ ነው። እዚያ ሁሉም ሰው «ሀብታም ሁን» ይባላል፤ መንገዱ ግን ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ለእሱ ችግሩ ይህ የግብና የመንገድ አለመጣጣም ነው።

የሜርተን ጥያቄ ሲመጣ፦

1. ሰውየው ግቡን ተቀብሏል?
2. ሕጋዊውን መንገድስ?

ሁለቱንም ከተቀበለ ተስማሚ ነው። ግቡን ይዞ ሕጋዊውን መንገድ ከተወ «ኢኖቬተር» ይባላል። ሌባውም አጭበርባሪውም እዚህ ይገባሉ። (ስሙ ሙገሳ ይመስላል፤ አይደለም።) ግቡን ትቶ ደንቡን ብቻ ሙጭጭ ያለ፣ ሁለቱንም ጥሎ የሸሸ፣ ሁለቱንም ጥሎ በሌላ ሊተካ የሚታገል ደግሞ ከሜርተን አምስት ዓይነቶች ቀሪዎቹ ሦስቱ ናቸው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ «ሜርተን ድህነት ወንጀል ያመጣል ብሏል» ብዬ ጽፌ ነጥቤ ተቆረጠ። እሱ ድህነት ብቻውን አይበቃም ነው ያለው። ድሃውም ሀብታሙም ያንኑ ግብ አሳድዱ ሲባሉ፣ የድሃው መንገድ ሲዘጋ ነው ነገሩ የሚመጣው። «ግብ» እና «መንገድ» የሚሉት ቃላት መልስህ ውስጥ ከሌሉ እንደገና ጻፈው።